ራስንና ቤተሰብን ስለ መከላከል መጽሐፍ ቅዱስ ምን ይላል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በመጽሐፍ ቅዱስ ጥናታችን ይህ ርዕስ በተነሣ ቁጥር የሚመጡት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ከባዱ እሄዳለሁ።

መጽሐፍ ቅዱስ ራስን መከላከል ይፈቅዳል ወይስ ይከለክላል?

ይፈቅዳል፤ ግን በልክ። በሙሴ ሕግ፣ ሌሊት ቤቱን ከሚሰረስር ሌባ የተከላከለ ሰው አይጠየቅም። አብርሃም የተማረከውን የወንድሙን ልጅ ለማስመለስ ዘምቷል። ነህምያ ግንበኞቹን አስታጥቋል። ኢየሱስም ስለ ንቃት ሲያስተምር፣ ሌባው የሚመጣበትን ሰዓት ያወቀ ባለቤት ቤቱ ሲቆፈር ዝም ብሎ እንደማያይ እንደ ተራ ነገር ጠቅሶት ያልፋል (ማቴዎስ 24፥43)።

አጥብቆ የሚከለክለው በቀልን ነው። መከላከልና መበቀል በወረቀት ላይ ይራራቃሉ። በተግባር ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር አንድ ተጨማሪ ዱላ ይበቃል። ከታች ያሉት መልሶች አብዛኞቹ የሚዞሩት በዚህች መሻገሪያ ዙሪያ ነው።

«አትግደል» ተብሎ የለም እንዴ?

ተብሏል (ዘጸአት 20፥13)። አንዳንድ ሰባኪዎች «ዕብራይስጡ ራጻሕ ነው፤ በግፍ መግደል ማለት ብቻ ነው» ብለው ነገሩን ባንድ አፍ ይዘጉታል። እንደዚያ ቀላል አይደለም። ዘኍልቍ 35 ላይ ይኸው ቃል ሳያስበው ሰው ለገደለም ይውላል። ስለዚህ በቃል ፍቺ ብቻ ክርክሩን መርታት አይቻልም።

የሚሻለው ማስረጃ ትእዛዙ ያለበት መጽሐፍ ራሱ ነው። «አትግደል» ካለ ከሁለት ምዕራፍ በኋላ፣ የሌሊት ሌባ ተመትቶ ቢሞት የመታው ሰው የደም ዕዳ የለበትም ይላል። ያው ሕግ፣ ያው ሕግ ሰጪ። ትእዛዙን የሰሙት እስራኤላውያንም ራስን መከላከልን ይከለክላል ብለው አልተረዱትም።

ሌሊት ሌባ ቤቴ ቢገባስ?

ይህ በቀጥታ የተመለሰው ዘጸአት 22፥2-3 ላይ ነው። ሁለት ቁጥር ብቻ ናት፤ ለእኔ ግን የርዕሱ ሁሉ ቁልፍ እሷ ናት። ሌባው ቤት ሲምስ ተገኝቶ ቢመታና ቢሞት የደም ዕዳ የለም። ፀሐይ ከወጣች ግን አለ። መማስ የተባለው ግድግዳው ጭቃ ስለሆነ ነው። እኛም ዘንድ «ግድግዳ ሰርሳሪ» የሚባል ሌባ አለ፤ ጭቃ ቤት ውስጥ ላደገ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። ጨለማ ነው። ሰውየው ብቻውን ይሁን ከነግብረ አበሩ፣ ባዶ እጁን ይሁን ስለት ይዞ አይታወቅም። ጎረቤት ተኝቷል። ባለቤቱ ነገሩን የሚያጣራበት ጊዜ የለውም።

ሲነጋ ግን ሌባው ይታያል፣ ይታወቃል፣ ሰው ይደርሳል፣ ዳኛ አለ። ስለዚህ ሕጉ የሰረቀውን ይክፈል ይላል እንጂ ይሙት አይልም። የሌባውንም ነፍስ ይጠብቃል ማለት ነው። ከዚህ በፊት የነበረው የባቢሎኑ የሐሙራቢ ሕግ በቁጥር 21 ላይ ቤት የሰረሰረ ሰው እዚያው በሰረሰረው ቀዳዳ ፊት ይገደል ይላል። ሌሊት ነው ቀን ብሎ አይጠይቅም።

የአይሁድ መምህራን በታልሙድ (የሕግ ትርጓሜያቸው መጽሐፍ ነው) ጠለቅ ብለው አነበቡት። «ሊገድልህ የመጣውን ቀድመህ ግደለው» የሚለውን መርሕ ያወጡት ከዚሁ ሕግ ነው። ፀሐይዋን ግን ሰዓት ብቻ አድርገው አላዩአትም። ሌባው ሊገድልህ እንዳልመጣ እንደ ፀሐይ ግልጽ ከሆነልህ፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ልትገድለው አትችልም አሉ። ምሳሌያቸው ከልጁ ቤት ሊሰርቅ የገባ አባት ነው። አባት ለገንዘብ ብሎ ልጁን አይገድልማ። አጥቂውን አቁስሎ ማስቆም እየቻለ የገደለም ይጠየቃል ብለዋል።

ቀን ላይ የተያዘን ሌባ ሰፈርተኛው ቢቀጠቅጠውስ?

ይህን የጠየቀኝ ልጅ በዓይኑ አይቶ ነው። እኔም አይቻለሁ። «ሌባ! ሌባ!» ይባላል፤ ሰው ከየበሩ ይወጣል፤ ልጁ ይያዛል፤ ሞባይሉ ለባለቤቱ ይመለሳል። ነገሩ እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት። ዱላው የሚጀምረው ግን ያኔ ነው። አንዱ በጥፊ፣ አንዱ በእርግጫ፤ ምንም ያልተነካ መንገደኛ ሳይቀር ቆም ብሎ አንድ ያቀምሰዋል።

ፀሐይ ወጥታለች፤ ሌባውም እጅ ውስጥ ነው። ከዚህ በኋላ የሚያርፍበት ዱላ ሁሉ መከላከል አይባልም። ቢሞት የደም ዕዳው የመቺዎቹ ነው። «ሁሉም መትቶት የለ፣ የእኔ አንዷ ምን አላት?» ማለትም አያዋጣም፤ ዘጸአት 23፥2 ክፉ ለማድረግ ብዙዎችን አትከተል ይላል። ክርስቲያን እዚያ ግርግር ውስጥ ከገባ ሥራው ልጁን ከዱላ አስጥሎ ፖሊስ እስኪመጣ ማቆየት ነው። (ሲያስጥሉ መመታትም አለ። እሱን እያወቁ መግባት ነው።)

የአገራችን ሕግም ከዚህ አይርቅም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል፦ ጥቃቱ ሕገ ወጥ ሲሆን፣ እየደረሰ ወይም ሊደርስ ሲል፣ በሌላ መንገድ ማስቀረት ካልተቻለና መከላከሉ ከጥቃቱ ጋር ከተመጣጠነ። ከልክ ያለፈው በአንቀጽ 79 ይታያል። ዘጸአትን በሕግ ቋንቋ የጻፉት ይመስላል።

«ሁለተኛውን ጉንጭህን አዙርለት» ማለት ዝም ብለህ ተደብደብ ማለት ነው?

ጥቅሱን ሙሉውን እናንብበው፦ «ቀኝ ጉንጭህን በጥፊ ለሚመታህ ሁሉ ሁለተኛውን ደግሞ አዙርለት» (ማቴዎስ 5፥39)። ለምን ቀኝ? አብዛኛው ሰው የሚመታው በቀኝ እጁ ነው። ፊት ለፊትህ የቆመ ሰው በቀኝ እጁ ቀኝ ጉንጭህን ሊያገኝ ከፈለገ በመዳፉ ጀርባ መምታት አለበት። ያ ደግሞ የንቀት ምት ነው። ሚሽና የተባለው የአይሁድ የሕግ ስብስብ ሰውን በጥፊ ለመታ 200 ዙዝ (የዘመኑ የብር ገንዘብ ነው)፣ በእጁ ጀርባ ለመታ 400 ዙዝ ካሣ ይቆርጣል። እጥፍ የሆነው ሕመሙ ሳይሆን ውርደቱ ነው።

ተከትለው የመጡት ምሳሌዎችም እንደዚያው ናቸው። እጀ ጠባብህን ሊወስድ የሚከስህ፣ አንድ ምዕራፍ መንገድ በግድ የሚያስሄድህ። ጉሮሮህን የያዘ ሰው እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ኢየሱስ ራሱ በሊቀ ካህናቱ ግቢ በጥፊ ሲመታ አልመለሰም፤ ዝምም አላለም። «መልካም ተናግሬ እንደ ሆንሁ ግን ስለ ምን ትመታኛለህ?» ብሎ ጠየቀ (ዮሐንስ 18፥23)።

ይህን ስል ጥቅሱን ቀላል ማድረጌ አይደለም። እንዲያውም ለእኛ የከበደው እዚህ ላይ ነው። «ሰው ፊት እንዴት ይሰድበኛል!» ብሎ ጠርሙስ የሰበረ፣ ቢላ የመዘዘ ስንት አለ? ራሴን ተከላከልኩ የምንለውን ብዙውን ጠብ ብንመረምረው የተከላከልንለት ክብራችንን ነው። ኢየሱስ ተዉት ያለው በትክክል እሱን ነው። ሌሊት የመጣ ሌባ ለብዙዎቻችን አንድ ቀንም ላይደርስብን ይችላል፤ ስድብ ግን በየሳምንቱ ነው።

ሚስቴንና ልጆቼን መጠበቅ ግዴታዬ ነው?

ነው። ግን ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥8 ትክክለኛው ቦታ አይደለም። «ስለ ቤተ ሰዎቹ የማያስብ» የተባለው መበለት እናቱን ወይም አያቱን የማይጦር ሰው ነው። ጥቅሱን ለጠመንጃ ማስረጃ የሚያደርጉ ሰዎች አስቀድመው ለእናታቸው ወር በወር የሚልኩትን ይቁጠሩ።

ለጥበቃ የሚሻለው ነህምያ 4 ነው። የኢየሩሳሌም ቅጥር ሲሠራ ጠላቶች ሊያጠቁ ተማከሩ። ነህምያና ሕዝቡ ጸለዩ፤ ጠባቂም አቆሙ፤ ሁለቱም አንድ ቁጥር ውስጥ ናቸው (4፥9)። ሕዝቡን በየቤተሰቡ አሰልፎ ስለ ወንዶችና ሴቶች ልጆቻችሁ፣ ስለ ሚስቶቻችሁ፣ ስለ ቤቶቻችሁ ተዋጉ አላቸው። ባንድ እጅ ሥራ፣ ባንድ እጅ መሣሪያ። በኋላ የሆነውን ብዙ ሰው ልብ አይለውም፦ ውጊያ አልነበረም። ጠላት እንደተዘጋጁ ሲያውቅ ተወው፤ ቅጥሩም በ52 ቀን አለቀ።

አብርሃምም አለ። ሎጥ ሲማረክ በቤቱ የተወለዱ 318 ሰዎች አሰልፎ እስከ ዳን ድረስ ተከታትሎ አስመለሰው (ዘፍጥረት 14)። ቁጥሩ ሠለስቱ ምእትን ያስታውሰናል፤ በኒቅያ የተሰበሰቡትም አባቶች 318 ተብለው ነው የሚቆጠሩት። ከድሉ በኋላ የሰዶም ንጉሥ ሀብቱን ውሰድ ሲለው ከፈትል እስከ ጫማ ማዘቢያ አልነካም አለ። ሊያድን ሄደ፣ አድኖ ተመለሰ፣ በቃ። ይኸው አብርሃም ግን ግብፅ በገባ ጊዜ እንዳይገድሉት ፈርቶ ሣራን «እኅቴ ናት» ብሎ ለፈርዖን ቤት አሳልፎ ሰጥቷታል። መጽሐፉ ይህንንም አልደበቀም።

ሸሽቶ ማምለጥ ፈሪነት አይደለም?

የጽጌን ጾም የሚጾም ሕዝብ ይህን መጠየቅ አልነበረበትም። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ማኅሌተ ጽጌ የሚቆመው ስለ ምንድነው? ስለ ስደት ነው። ሄሮድስ ሕፃኑን ሊገድል ሲል መልአኩ ዮሴፍን ታገል አላለውም። ተነሥተህ ሽሽ አለው። ዮሴፍም በሌሊት ሕፃኑንና እናቱን ይዞ ወጣ። ቤተሰቡን ከሞት ያዳነበት መንገድ ይኸው ነው።

ዳዊት ጎልያድን የጣለ ጀግና ነው፤ ሳኦል ሲመጣበት ግን ሚስቱ ሜልኮል በመስኮት አውርዳው አመለጠ። በኋላ ዓይንጋዲ ዋሻ ውስጥ ሳኦልን ከእጁ አግብቶት የልብሱን ጫፍ ብቻ ቆረጠ። ጳውሎስን ደማስቆ ላይ በቅርጫት አድርገው በቅጥር አወረዱት። ኢየሱስም ሊወግሩት ድንጋይ ሲያነሡ ተሰውሮ ወጥቷል (ዮሐንስ 8፥59)። መሮጫ ካለህ ሩጥ። ቦርሳውን ስጠውና ሩጥ።

ፖሊስ መጥራት ወይም መክሰስ የእምነት ማነስ ነው?

አይደለም። ከ40 በላይ ሰዎች ጳውሎስን ሳንገድል እህል አንቀምስም ብለው ሲማማሉ፣ የእኅቱ ልጅ ሰምቶ ነገረው። ጳውሎስ ልጁን ወደ ሻለቃው ላከው። በዚያች ሌሊት 200 ወታደር፣ 70 ፈረሰኛና 200 ባለ ጦር አጅበው አወጡት (ሐዋርያት ሥራ 23)። «እግዚአብሔር ይጠብቀኛል» ብሎ አልተቀመጠም፤ የጠበቀው እግዚአብሔር ነው ብሎም ያምናል። ሮሜ 13 ባለሥልጣን ሰይፍ የታጠቀው በከንቱ አይደለም ሲል ይህንኑ ነው።

1ኛ ቆሮንቶስ 6 ወንድም ወንድሙን አይክሰስ ይላል የሚል ይመጣል። እዚያ የተነሣው ስለ ኑሮ ጉዳይ፣ በአማኞች መካከል ያለ ክርክር ነው። ስለ ድብደባና ግድያ አይደለም።

ኢየሱስ «ሰይፍ የሌለው ልብሱን ሽጦ ይግዛ» ብሏል። ታዲያ ሽጉጥ ብይዝስ?

ሉቃስ 22፥36 ላይ ነው። ደቀ መዛሙርቱ ሁለት ሰይፍ አሉ አሉት፤ ይበቃል አላቸው። አሥራ አንድ ሰው ለማስታጠቅ ሁለት ሰይፍ እንደማይበቃ ማንም ያውቃል። አንዳንዶች ይበቃል ያለው «ተዉት፣ ነገሩ አልገባችሁም» ለማለት ነው ይላሉ። ሌሎች እዚያው ከተጠቀሰው ከኢሳይያስ 53 «ከዓመፀኞች ጋር ተቈጠረ» ጋር ያያይዙታል። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። በዚያችው ሌሊት ጴጥሮስ አንዱን መዞ የማልኮስን ቀኝ ጆሮ ሲቆርጥ «ሰይፍ የሚያነሡ ሁሉ በሰይፍ ይጠፋሉና» ተባለ። ጆሮውንም ኢየሱስ ፈወሰው።

በሌላ በኩል ጴጥሮስ ሰይፍ ታጥቆ ከኢየሱስ ጋር ይሄድ ነበር፤ ቢያንስ ያን ሌሊት። የዚያ ዘመን መንገድ ወንበዴ የበዛበት ነው፤ የደጉን ሳምራዊ ታሪክ አስቡ። ታሪክ ጸሐፊው ዮሴፈስ እንደሚለው ኤሴናውያን የተባሉት የአይሁድ ወገኖች መንገድ ሲወጡ ሌላ ምንም ሳይዙ ስለ ወንበዴዎች ሲሉ መሣሪያ ብቻ ይይዙ ነበር። ስለዚህ ጥቅሱን የግዢ ትእዛዝ ማድረግም፣ መሣሪያ መያዝ በራሱ ኃጢአት ነው ማለትም አይቻልም።

ቀሪው የሕግና የጥበብ ጉዳይ ነው። አገር ቤት አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል፤ አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ የየስቴታችሁን ሕግ እዩ። ከሕጉ በላይ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ቤት ውስጥ የሚጠጣ ወይም ቶሎ የሚቆጣ ሰው፣ ወይም የሚነካካ ልጅ አለ? ዘዳግም 22፥8 አዲስ ቤት ስትሠራ ሰው ወድቆ ደሙ በቤትህ ላይ እንዳይሆን በጣሪያው ዙሪያ መከታ አድርግ ይላል። ትራስ ሥር ያለ ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ መከታ የሌለው ጣሪያ ነው።

አረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እህት አሠሪዋ ሊደፍራት ቢመጣና ብትጎዳው ኃጢአት ነው?

አይደለም። ዘዳግም 22፥25-27 በሜዳ ስለተደፈረች ልጅ ሲናገር ነገሩን ከነፍስ ግድያ ጋር ያመሳስለዋል። ሰው በባልንጀራው ላይ ተነሥቶ እንደሚገድለው ያለ ነው ይላል። እርስዋ ምንም ኃጢአት የለባትም፤ ጮኻለች፣ የሚያድናት ግን አልነበረም። በሩ የተቆለፈበት፣ ፓስፖርቷ የተያዘባት ልጅ ያቺ ናት። ከነፍስ ግድያ እኩል የተቆጠረን ጥቃት መከላከል እንደ ነፍስ መከላከል ነው። ነውሩም የእሷ አይደለም፤ ይህን ለቤተሰብ ደግሞ መንገር ያስፈልጋል።

ባሌ ይመታኛል። ሽማግሌዎች «ቻይው፣ ጸልዪለት» ይሉኛል። ልቻል?

አትቻይ እህቴ። ጸልዪለት፤ ግን ከርቀት። የጉንጩ ጥቅስ ለዚህ አልተጻፈም፤ ከላይ እንዳልኩት የሚናገረው ስለ ንቀት ምት እንጂ ስለሚደጋገም ድብደባ አይደለም። ዳዊት ሳኦልን «የእግዚአብሔር መሢሕ» እያለ አክብሮት ነበር፤ ጦር ሲወረውርበት ግን ጎንበስ ብሎ አመለጠ፤ ወደ ማዕዱም አልተመለሰም። አክብሮትና አብሮ መኖር ሁለት ነገር ናቸው። ቆላስይስ 3፥19 ባሎችን መራራ አትሁኑባቸው ይላል። ያንን ጥቅስ ለእሱ ያነበበለት ሽማግሌ አለ?

አቢግያንም አስታውሺ። ባሏ ናባል ቤቱን ሁሉ ሊያስጨርስ ሲል ሳትነግረው አህዮች ጭና ወጣች፤ ቤተሰቡንም አተረፈች (1ኛ ሳሙኤል 25)። መጽሐፉ አስተዋይ ይላታል። የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን ጥቃት ወንጀል አድርጎታል፤ «የቤት ውስጥ ጉዳይ» የሚባል ሽፋን የለውም። መጀመሪያ ራስሽንና ልጆችሽን ደህና ቦታ አድርጊ። የሽምግልናው ነገር ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ስለ እምነቴ ቢያጠቁኝስ? ልከላከል ወይስ ሰማዕት ልሁን?

ኢየሱስ በአንዲት ከተማ ሲያሳድዷችሁ ወደ ሌላዪቱ ሽሹ ብሏል (ማቴዎስ 10፥23)። ጳውሎስ ሮማዊ ነኝ ብሎ ከግርፋት ድኗል። ስለዚህ ማምለጥና መብትን መጠየቅ እምነትን መካድ አይደለም። ሐዋርያት ግን ወንጌሉን በሰይፍ ሲከላከሉ አናይም። እስጢፋኖስ ሲወገር የጸለየው ለወጋሪዎቹ ነው። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. አይኤስ በቪዲዮ ያሳየን፣ ሊቢያ ውስጥ የተሠዉት ኢትዮጵያውያን ወንድሞቻችን ሰማዕትነትን ፍለጋ የወጡ አልነበሩም። እንጀራ ፍለጋ የወጡ ስደተኞች ነበሩ። ሰማዕትነት ሌላ በር ሲዘጋ የሚመጣ ነው፤ ተሯሩጠው የሚይዙት አይደለም።

ወንድሜን ገድለውብኛል። ደሙን ካልመለስክ ወንድ አይደለህም ይሉኛል።

ልጃችንን «ደመላሽ» ብለን ስም የምናወጣ ሕዝብ ነን። ስለዚህ ይህ ጥያቄ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለቅሶው ላይ ጭምር የሚወረወር ቃል አለ። ሆኖም መልሱ አንድ ነው፦ አይሆንም። ወንድምህ ሞቷል፤ አሁን ልትከላከለው አትችልም። የቀረው በቀል ነው፤ እሱን ደግሞ «በቀል የእኔ ነው፥ እኔ ብድራቱን እመልሳለሁ» ያለ አለ (ሮሜ 12፥19)።

መጽሐፍ ቅዱስ የደም ተበቃይን ያውቀዋል። በጥንት እስራኤል ነበረ። ሕጉ ያደረገው በመካከል መቆም ነው። በዮርዳኖስ ወዲህና ወዲያ ስድስት የመማፀኛ ከተሞች ተለዩ፤ የገደለው ሰው እዚያ ይገባል፤ ማኅበሩ ይዳኘዋል፤ ባንድ ምስክር ብቻም ሞት አይፈረድበትም (ዘኍልቍ 35)። የእኛ ሽምግልና፣ የኦሮሞ ጉማ፣ የየአካባቢው የደም እርቅ ሥርዓት ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ሥራ ይሠራሉ። ገዳዩን ለሕግ አሳልፎ መስጠትም በቀል አይደለም። የበቀልን የመጀመሪያ ዘፈን ማን እንደዘፈነው ታውቃለህ? ላሜሕ ነው (ዘፍጥረት 4)፤ ለቁስሌ ሰው ገድያለሁ፣ ቂሜም ሰባ ሰባት ነው እያለ ለሚስቶቹ ፎከረ። ኢየሱስ ለጴጥሮስ «እስከ ሰባ ጊዜ ሰባት» ይቅር በል ሲለው የዚያን ፉከራ ቁጥር የገለበጠው ይመስለኛል።

ራሴን ስከላከል ሰው ሞተብኝ። ሕጉ ነፃ አውጥቶኛል፤ ሕሊናዬ ግን አልለቀቀኝም።

ይህን የሚጠይቅ ሰው ጤነኛ ነው። ዘጸአት 22 የደም ዕዳ የለብህም ይላል፤ ደስ ይበልህ ግን አይልም። በአራተኛው መቶ ዘመን የነበረው ቅዱስ ባስልዮስ፣ አባቶች በጦርነት መግደልን ከነፍሰ ገዳይነት እንዳልቆጠሩት ጽፎ፣ ቢሆንም እጃቸው ንጹሕ ስላልሆነ 3 ዓመት ከቁርባን ቢታቀቡ መልካም ነው ብሎ መከረ። ዳዊትም ብዙ ደም ስላፈሰሰ ቤተ መቅደሱን እንዳይሠራ ተነግሮታል (1ኛ ዜና 22፥8)።

ስለዚህ ኀዘንህ የእምነት ጉድለት አይደለም። የንስሐ አባትህ ጋ ሂድ፤ ወይም መጋቢህ ጋ። ዝርዝሩን ለሚሰማህ ሰው ንገር። «ጀግና ነህ» የሚሉህን ደግሞ ለጊዜው ራቃቸው፤ የሚጠቅሙህ አይመስለኝም።

በፍጹም እጄን አላነሣም የሚል ክርስቲያን ቤተሰቡን ከድቷል ማለት ነው?

ቤተ ክርስቲያን በዚህ ላይ አንድ ሆና አታውቅም። የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ጸሐፊ ተርቱልያኖስ ጌታ ጴጥሮስን ሲያስፈታ ወታደርን ሁሉ አስፈታ ብሏል። ቅዱስ አምብሮስዮስ ክርስቲያን ለራሱ ሲል ወንበዴን መልሶ አይምታ አለ፤ ባልንጀራውን ከጥቃት እየቻለ ያላዳነ ግን እንደ አጥቂው ጥፋተኛ ነው። ቶማስ አኳይነስ በ13ኛው መቶ ዘመን ራስን መከላከልንም ፈቀደ፤ ኃይሉ ከሚያስፈልገው ካላለፈ። ብዙዎቹ አብያተ ክርስቲያናት ዛሬ ወደዚህ ያዘነብላሉ።

ሜኖናይቶች የተባሉት፣ ሰይፍ አናነሣም የሚሉ ክርስቲያኖች ግን አልተቀበሉትም። አገራችን ያለው የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ሥሩ ከእነሱ ነው። ከሚያስታውሷቸው ሰዎች አንዱ ዲርክ ቪለምስ የተባለ ሆላንዳዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1569 በእምነቱ ምክንያት ከታሰረበት አመለጠ። ስስ በረዶ የጋገረበትን ውኃ ተሻገረ፤ የሚያሳድደው ሰው ግን በረዶው ተሰብሮ ሰመጠ። ዲርክ ተመልሶ ጎትቶ አወጣው። ያወጣው ሰው ያዘው፤ በዚያው ዓመት አስፐረን ላይ በእሳት ተቃጠለ።

ዲርክ የሰጠው የራሱን ነፍስ ነው። የልጅህን ነፍስ እንዲህ መስጠት ትችላለህ ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ እኔ አልችልም፤ ከአምብሮስዮስ ጋር ነኝ። ግን አንድ ጊዜ ይህን አቋም የያዘ ወዳጄን፣ የሦስት ልጆች አባት ነው፣ «ሌሊት ቢመጡብህስ?» ብዬ አፋጥጬው ነበር። «መጀመሪያ በሩን እቆልፋለሁ» አለኝ። «እሺ፣ ከሰበሩትስ?» «እጮሃለሁ፤ ልጆቹን በጓሮ አስወጣለሁ፤ እኔ በሩ ላይ እቆማለሁ።»